የክሬይን ቀለበትና የሌንደርት ብልህ መሣሪያ

ሌንደርት በሥልሳ ዘጠኝ ዓመቱ አፉን ሞልቶ የሚናገርለት ሙያ አንድ ብቻ ነበር፤ ኤሌክትሪክ። ባሕር ዳር ባለችው ዛውተላንደ መንደር ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖሯል። "መመሪያውን ሳታነቡ እየነካካችሁ ነው የምታበላሹት" እያለ ስንቱን ደንበኛ አሸማቋል መሰላችሁ። እናም ይህን ታሪክ ሲያወራ፣ ከሰሚዎቹ ሁሉ ቀድሞ በራሱ የሚስቀው እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጃንዋሪ አንድ፣ በአዲስ ዓመት ዕለት ነው። በዚያ ቀን መንደርተኛው ብርቱካናማ ቆብ እየደፋ፣ እየተንጫጫ፣ በረዶ በመሰለው ባሕር ውስጥ ሮጦ ይገባል፤ ሮጦ ይወጣል፤ ከዚያ የአተር ሾርባውን ይጠጣል። ታላቅ እህቱ ያኮሚና ባሏ ክሬይን ከሞተ ወዲህ ሁለት ክረምት ከቤት ሳትወጣ ከርማለች። ሌንደርት ታዲያ አላስቀምጥ አላት።

"እትዬ፣ ካንቺ የሚበልጡ ባልቴቶች እየገቡ እኮ ነው።"

"እነሱ እብድ ናቸው።"

"አንቺስ ጤነኛ ሆነሽ ምን አገኘሽ?"

ገባች። እስከ ወገቧ ገብታ እንደ ልጅ ሳቀች። ስትወጣ ግን እጇን አየችና ፊቷ ልውጥ አለ። ክሬይን ከሞተ ጀምሮ የሱን የጋብቻ ቀለበት በራሷ ቀለበት ላይ ደርባ ነበር የምታደርገው። ብርዱ ጣቷን አኮማተረውና የክሬይን ቀለበት ሾልኮ ቀረ። ከውስጡ የሷ ስም የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበት።

አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። "ሾርባው ይቀዘቅዛል" ብቻ አለች። ሌንደርትን የገደለው ይሄ ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

"አገኝልሻለሁ" አላት።

ከዚያ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መምረጥ ያዘ። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። የአሥራ አራት ዓይነት መሣሪያ ክብደት፣ የባትሪ ዕድሜ፣ የዘንግ ርዝመት በሠንጠረዥ አሰፈረ። ያኮሚና ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስታ አየችና፣

"ክሬይን እኔን ሲያገባ እንኳ ይህን ያህል አላማረጠም" አለችው።

በመጨረሻ ሚድልቡርግ ከተማ ወዳለ አንድ ሱቅ ሄደ። ባለሱቋ ኔላ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት።

"የት ነው የሚፈልጉበት?" አለችው።

"ባሕር ዳር።"

"ደረቁ አሸዋ ላይ ነው እርጥቡ ላይ?"

"አሸዋ አሸዋ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?"

ኔላ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው። "ጨዋማ ውኃ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል እኮ። በአንድ ሞገድ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ እርጥቡን አሸዋ ሁሉ ብረት ነው ብሎ ሲያለቅስ ይውላል። በብዙ ሞገድ የሚሠራ ይውሰዱ። ውኃ የማያስገባውም ታች ያለው ክቡ ብቻ አይሁን፤ እላይ ያለው ሳጥኑም ጭምር ይሁን። ማዕበል አያዝንልዎትም።"

ሌንደርት ጆሮው ቀላ። አርባ ዓመት በኤሌክትሪክ እንጀራ በልቶ የጨውን ነገር ከባለሱቅ መስማት! ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ የተናገረው ለዚች እፍረት ማካካሻ እንደነበር እሱም አይክድም።

ኔላ ሁለት አወጣችለት። አንደኛው ስክሪን የለውም፤ ብረት ካገኘ ይጮኻል፣ አለቀ። ሁለተኛው ያገኘውን ነገር በቁጥር ይናገራል፤ የማይፈልጉትን ቁጥር ደግሞ ዝም በል ቢሉት ዝም ይላል።

"አንድ ቀለበት ለመፈለግ ከሆነ እኔ ደደቡን እመርጥልዎታለሁ" አለች።

"እኔ ደደብ መሣሪያ ይዤ ልዙር? መንደሩ ምን ይለኛል?"

"እንግዲያው ስለ ወርቅ አንድ ነገር ልንገርዎት..."

"መመሪያው ላይ አነበዋለሁ።"

አላነበበውም።

ያኮሚና የቆመችበትን ቦታ ታስታውሳለች፤ ማዕበል ለመስበር በተተከሉ ሁለት የእንጨት ምሰሶ ረድፎች መሐል ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ እርጥብ አሸዋ ይሆናል። ሌንደርት ቦታውን በገመድ ሸነሸነው። በመጀመሪያው ቀን አርባ ሰባት ጉድጓድ ቆፍሮ አርባ ሰባት የቢራ ጣሳ መክፈቻ፣ ያችን ከጣሳው አናት የምትነቀለውን ስስ ብረት፣ አገኘ። የበጋ እንግዶች ጠጥተው የጣሉት ነው። ወገቡ ተቆረጠ። ስክሪኑን ቢያይ፣ መክፈቻው በወጣ ቁጥር አሥራ አራት ወይም ለሱ የቀረበ ቁጥር ይላል። ታዲያ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? መሣሪያውን "ከዚህ በኋላ አሥራ አራትንና ጎረቤቶቹን እንዳታሰማኝ" አለው። መሣሪያውም ታዘዘ።

ከዚያ ወዲያ ኑሮ ተመቸው። ደረቱን ነፍቶ፣ ማዳመጫውን ደፍቶ ሲንሸራሸር ይውላል።

"ምን ተገኘ?" ትለዋለች ያኮሚና ማታ።

"ዛሬ አንድም ቆሻሻ አልቆፈርኩም።"

"ቀለበቱስ?"

"ቆሻሻ ግን አልቆፈርኩም።"

አምስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ማርች ሲገባ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ባሕሩ የበላውን አሸዋ የሚተካው መርከብ ሰኞ ይመጣል፤ በትልቅ ቧንቧ ሁለት ሜትር አሸዋ ባሕር ዳሩ ላይ ይተፋል። ከሰኞ በኋላ የክሬይንን ቀለበት የሚያወጣው መሣሪያ የለም።

ቅዳሜ ዕለት ጓደኛው ዊሴ ያንን ስክሪን የሌለውን ዓይነት አሮጌ መሣሪያ ይዞ መጣና በሌንደርት ዱካ ላይ መሄድ ጀመረ።

"እዚያ ጋ በደንብ ፈትሼዋለሁ፤ አትልፋ" አለው ሌንደርት።

"አይተኸዋል አሉ፤ እስቲ እኔም ልየው።"

ብዙም ሳይቆይ ዊሴ ጎንበስ ብሎ ቆፈረ። አረንጓዴ ፈርጥ ያላት ስስ የወርቅ ቀለበት አወጣ። የክሬይን አይደለችም፤ የሴት ናት። ሌንደርት ግን በዚያ ቦታ መሣሪያውን ይዞ ስንት ጊዜ አልፎ ነበር። ቀለበቷን ተቀብሎ አሸዋው ላይ አኖራትና መሣሪያውን አሳለፈባት። ዝም። መልሶ አሳለፈ። ዝም።

"ባትሪው ይሆን?" አለ ዊሴ፣ አዝኖለት።

ሌንደርት የዘጋቸውን ቁጥሮች ሁሉ ከፈተና እንደገና ሞከረ። መሣሪያው ጮኸ። አሥራ አራት።

"ለካ ወርቁም መክፈቻውም ለሱ አንድ ናቸው" አለ ዊሴ። "ዝም በል ካልከው ስንት ጊዜህ ነው?"

"አምስት ሳምንት።"

ዊሴ መሳቅ ከጀመረ በኋላ የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው።

ሌንደርት በቀጥታ እህቱ ዘንድ ሄደ። "እትዬ፣ የክሬይንን ቀለበት አምስት ሳምንት ስረግጠው ኖሬ ይሆናል" አለና ሁሉንም ዘረገፈላት።

ያኮሚና ጨርሳ ሰማችው። "ዝም በል ስትለው በእውነት ዝም አለ?"

"አለ።"

"እኔ ክሬይንን አርባ ስድስት ዓመት ዝም በል ብዬው አንድ ቀንም አልሰማኝም። ነገ ባሕሩ የሚሸሸው ስንት ሰዓት ነው?"

እሑድ አብረው ወረዱ። እሱ መሣሪያውን፣ እሷ ወንፊት ያለውን አካፋ ይዛ። መሣሪያው ሲንጫጫ ዋለ። መክፈቻ፣ ምስማር፣ የቸኮሌት ብርማ ወረቀት፣ እንደገና መክፈቻ። ያኮሚና አንዱንም ሳትንቅ ወደ ኪሷ ትከታለች። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ መመለስ ጀመረ፤ ውኃው ቦት ጫማቸውን ሲልስ መሣሪያው አሥራ አራት አለ።

"ይሄ መክፈቻ ነው። አሁንስ ድምፁን ለይቼዋለሁ" አለ ሌንደርት።

"ስትለይማ አይተንሃል። ዞር በል።"

ቆፈረች። በሦስተኛው አካፋ አሸዋው በወንፊቱ ቀዳዳ ወርዶ ሲያልቅ አንድ የዛጎል ስባሪና አንድ ወፍራም ቀለበት ቀሩ። ሌንደርት መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ ወደ ብርሃን አዞረው። "ያኮሚና" ይላል።

እሷ ቀለበቱን ጣቷ ላይ ልታደርገው አለችና እጇን አየችው። በብርድ ሰማያዊ ሆኗል። አላመነችውም። ኪሷንም አላመነችው፤ በመክፈቻ ተሞልቷል። አንስታ አፏ ውስጥ ከተተችውና ከንፈሯን ገጠመች።

ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ያኮሚና ሳትናገር ይህን ያህል መንገድ ስትሄድ ሌንደርት በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ዛሬ ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው አለና ጀመረ። ባሕር ካልገባሽ ብዬ የጨቀጨቅኩሽ ቤቱ ውስጥ ብቻሽን ስትቀመጪ ማየት ስላቃተኝ ነው አላት። ክሬይን ለሱም ወንድሙ እንደነበር፣ እሷ ፊት ማልቀስ ፈርቶ የራዲዮ መጠገኛ ክፍሉ ውስጥ እንዳለቀሰ ነገራት። መሣሪያውንም የመረጠው ለቀለበቱ ብሎ ሳይሆን ብልህ ለመምሰል እንደነበር አልደበቃትም። እሷ ቀና ብላ ሳታየው ትራመዳለች።

የአሸዋው ኮረብታ ጫፍ ሲደርሱ ቆመች። ቀለበቱን መዳፏ ላይ ተፋችው።

"ነፋስ ነበር፤ መሐል ላይ ያልከውን ድገመው።"

"የመሣሪያውን?"

"እሱንማ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። የክሬይንን።"

ሌንደርት መሣሪያውን መሬት አስቀመጠና ደገመላት።