ፎቶ ቁጥር ሰባት

የቢሯችን አንጋፋ ጠበቃ ቮን መዝገቡን አልይዘውም ብሎ የመለሰው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ችሎቱ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ለቢሯችን ጠበቆች ሥራ የሚያከፋፍለው ዴንዚል ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ "ሚስ ፒው፣ ቀላል ነገር ናት። አቶ ቮን ካርዲፍ ከተማ ላይ የያዙት ጉዳይ አላልቅ ብሏቸው ነው" አለኝ።

ጥብቅና ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ዴንዚል ቀላል ብሎኝ ቀላል የሆነ ነገር አላየሁም። ቮን ደግሞ ሃያ ዓመት በወንጀል ችሎት የከረመ ሰው ነው፤ የሚያሸንፈውን ጉዳይ ለጀማሪ አሳልፎ አይሰጥም። ይሄ ሰው የሚሸሸው ነገር አለ ብዬ ጃኬቴን ሳላወልቅ ማንበብ ጀመርኩ።

ተከሳሹ ኤምሊን ቤይነን ይባላል፤ እዚሁ ስዋንሲ የማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ሰብሳቢ ነው። ክሱ እንደሚለው በኅዳር፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በብስክሌት የምትሄድ መምህርት ገጭቶ ሳይቆም ሄዷል። ሴትዮዋ ዳሌዋ ተሰብሮ እስካሁን በክራንች ነው የምትሄደው። መኪናው የእሱ ነው። የፊት መብራቱ ተሰብሮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነው የተገኘው። አንድ ምስክር ሾፌሩን በብርቱካንማ የዝናብ ካፖርት፣ ቆቡን ደፍቶ አይቶታል፤ ካፖርቱም የኤምሊን የሥራ ልብስ ነው። ለፖሊስ የሰጠው ቃል ግን አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ "እኔ አልነዳሁም።" ታዲያ ማን ነዳ ሲሉት ዝም። ከተፈረደበት ሁለት ሦስት ዓመት ይታሰራል።

የፎቶ ጥራዙ ሽፋን ላይ ቮን በቀይ እርሳስ "7ን አትንካ" ብሎ ጽፏል። ለምን እንደሆነ አልጻፈም።

ሰባተኛውን ገልጬ አየሁት። የመኪናው የፊት ወንበሮች ናቸው፤ ካፖርቱ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተጥሏል። ፖሊስም ያነሳው ካፖርቱን ለማሳየት ነው። ፎቶውን አገላበጥኩት፣ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፣ ምንም አላየሁበትም። ቮን ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በልቤ ጨዋ ሰው የማይሰማው ስድብ ሰደብኩት።

ጠዋት ጠበቆች ዊግና ካባ የምንለብስበት ክፍል ስገባ ዐቃቤ ሕጉ ፕሮሰር ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሚስቱ የጋገረችውን ዘቢብ ያለበት ቂጣ በሳህን አቀረበልኝ።

"ብዪ እንጂ ነሪስ፣ መርዝ የለበትም።"

"ምን ፈልገው ነው?"

"አቤት! ሃያ ሰባት ዓመት ሳይሞላሽ እንዲህ ከሆንሽ በሃምሳሽ እንዴት ልትሆኚ ነው? የፎቶ ጥራዙን እንዳለ ለጁሪው ላድል ነው። አትቃወሚኝም አይደል?"

እንዳለ። ቁጥር ሰባትም አብሮ ማለት ነው። አንዱን ፎቶ ይውጣልኝ ብል ፍርዱን የሚሰጡትን የአሥራ ሁለቱን ዜጎች ዓይን ሁሉ እዚያው ላይ መጥራት ነው። አልቃወምም አልኩና ቂጣውን በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ፕሮሰር ሳቀብኝ።

ከዚያ ምድር ቤት ወደ እስረኞች ክፍል ወረድኩ። ኤምሊን ቤይነን ሲገባ በሩ አናቱን እንዳይመታው አጎነበሰ። ያን የሚያህል ሰው ከቅርብ አይቼ አላውቅም። ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብለውት ወደ ጎን ዞሮ ተቀመጠ።

ያን ጉልበት ሳይ ነው የገባኝ። ጥራዙን ሰባተኛው ላይ ገለጥኩ። እኔም እንደ ፖሊሶቹ ካፖርቱን ብቻ ነበር የማየው። የሾፌሩ ወንበር ወደ ፊት ተስቦ መሪው ላይ ሊለጠፍ ምንም አልቀረውም። ይህ ሰው እዚያ ወንበር ላይ አንድ እግሩን እንኳ አያስገባም።

"አቶ ቤይነን፣ ወንበሩ—"

"ለአቶ ቮንም ነግሬያቸዋለሁ። እሱን ተይው።"

"ነፃ የሚያወጣዎት እኮ እሱ ነው!"

"እኔን አውጥቶ ማንን ሊያስገባ?" ድምፁ ለስላሳ ነበር። "ብልህ ነሽ የኔ ልጅ፣ ገብቶሻል። አፍሽ ላይ ግን እንዳታመጪው። ማይልኝ።"

ደንበኛ አታንሺ ካለ ጠበቃ አያነሳም፤ ሥራችን እንደዚህ ነው። "አልነካውም" አልኩት። ቮንን ያማሁት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ አንዲት ሴት በፌስታል የተጣጠፈ ሸሚዝ ይዛ ጠበቀችኝ። አናቷ ትከሻዬ ጋ አይደርስም።

"የኤምሊን ጠበቃ ነሽ? ማይር ነኝ፣ ሚስቱ። ምንም ማስረጃ የላቸውም ብሎኛል። ይለቁታል አይደል?"

"እሱ ነው እንዲህ ያለዎት?"

"'አንቺ ብቻ ዝም በይ፣ እኔ ማታ እቤት ነኝ' አለኝ።" ይህን ስትል ዓይኔን ሳይሆን የካባዬን ቁልፍ ነበር የምታየው።

ተናደድኩ። እሱ ዋሽቷት ነው ወይስ እሷ መዋሸቱን እያወቀች ማመን ፈልጋ? እስከ ዛሬ ቁርጡን አላውቅም። ሸሚዙን ተቀብያት ገባሁ።

ክሱ ሲነበብ ኤምሊን ተከሳሾች በሚቆሙበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ እንጨቱን ተደግፎ፣ እጥፍ ብሎ ቆመ። ዳኛው ወገቡን ያመመው መስሏቸው ተቀመጥ አሉት። ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ምስክሩ ስለ ካፖርቱ ተናገረ፤ መኪናውን የመረመረው ፖሊስም ስለ መብራቱ። እኔ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቆቡ፣ የሾፌሩ ፊት ስላለመታየቱ ጠየቅኩ፤ ጥሩ ጥያቄዎች ነበሩ። ሁሉም ግን እሱን ወደ እስር ቤት ነበር የሚወስዱት፤ ከጁሪው ፊት ላይ አነበው ነበር።

ፖሊሱ ከመመስከሪያው ሊወርድ ሲል፣ ከጁሪው ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች አጭር ሴት ወረቀት ጽፋ ላከች። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

"ሁለት ጥያቄ ነው። በፎቶ ቁጥር ሰባት ላይ ያለውን የሾፌሩን ወንበር ፖሊስ አንቀሳቅሶታል ወይ? ተከሳሹስ ቀጥ ብሎ ሊቆምልን ይችላል?"

"አልነካነውም ክቡር ዳኛ፣ እንዳገኘነው ነው" አለ ፖሊሱ።

ፕሮሰር ፎቶውን ሲገልጥ አየሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። ሰውዬው ምንም ወጥመድ አላጠመደም ነበር። ልክ እንደኛው ካፖርቱን ነበር ያየው። "ተቃውሞ የለኝም" አለ ቀስ ብሎ።

"ሚስ ፒው?"

ዞር ብዬ አየሁ። ኤምሊን ከመስታወቱ ጀርባ ጭንቅላቱን ደጋግሞ ወዘወዘ።

"እኔ ያነሳሁት ጥያቄ አይደለም ክቡር ዳኛ። ለፍርድ ቤቱ እተወዋለሁ።"

ቃሌን አላፈረስኩም። ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው።

ኤምሊን ተነሳ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ያን ሁሉ ቁመቱን ሰፊው ሸሚዙ ውስጥ ሊደብቅ ታገለ።

"ኤምሊን።"

የተናገረችው ተመልካቾች ከሚቀመጡበት ነው። ማይር ተነስታ ቆማለች። ቆማም ከፊቷ ካለው እንጨት በላይ ብዙም አልታየችም።

"ቀና በል" አለችው። "እኔ ነኝ የነዳሁት። ቀና በል፣ በቃ።"

ኤምሊን ግን አልሰማም አለ። ሁላችንም እያየነው፣ ይበልጥ ጎበጠ።