የዐብዱልዓዚዝ ኪኒን

«ወንድሜን የመድኃኒት መሞከሪያ አድርጋ ገደለችው!» አለች ሀዎ። የሟቹ እኅት ስታንሾካሹክ ከመጋላ ሰፈር አልፎ መልካ ጀብዱ ድረስ ይሰማል። ሳሕራ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። ባሏ ዐብዱልዓዚዝ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሻሂ የያዙት ለቀስተኞች አሁን የሰሙትን እሷም ለራሷ ስትለው ነው የሰነበተችው።

ሐኪም ቤት ወደሚካሄደው የሪህ መድኃኒት ጥናት ጎትታ የወሰደችው እሷ ነበረች። የባቡር ጡረተኛው ዐብዱልዓዚዝ የእግሩ አውራ ጣት ሲያብጥ አንሶላ እንኳ ይከብደው ነበር። ነርሷ ላዳን ስታስፈርመው ሁሉንም አስረድታቸዋለች፦ ለግማሹ ታማሚ መድኃኒቱ፣ ለግማሹ ደግሞ መልኩ ብቻ የሚመስል ባዶ ኪኒን ይሰጣል፤ ለማን የትኛው እንደደረሰው እሷም አታውቅም። ተሳታፊው በፈለገ ጊዜ ማቋረጥ ይችላል።

«ኒካሕ ስናስር እንዲህ ያለ ወረቀት ማን ሰጠኝ አቦ!» ብሎ እየሳቀ ፈረመ።

በወሩ «ድኛለሁ፣ ተነሺ እንውጣ» አላት። ከዚያ ወዲህ ከዐስር ሰላት በኋላ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው፣ እሱ በቀኟ ሆኖ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሽር ሽር ይሉ ነበር። በሠላሳ ዓመት ትዳር ያልጠገበችውን ጨዋታ በአራት ወር አገኘችው። ከዚያ ልቡ በድንገት ቆመ። ትናንት ያ ሰዓት ሲደርስ ሳታስበው ብድግ ብላ ነበር።

ላዳን ገብታ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። «እናቴ፣ ተሳታፊ ሲሞት የወሰደው የትኛውን እንደሆነ ይጣራል። ለሳቸው የደረሳቸው ባዶው ነው። ጉዳት ያደረሰባቸው መድኃኒት የለም።»

ሀዎ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «አፉ በይኝ ሳሕራ» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሳሕራ። ከትከሻዋ አንድ ሸክም ወረደ። ወዲያው ግን ቀና አለች። «ታዲያ እግሩን ምን አዳነው?»



«አልዳነም» አለች ላዳን። «እኛ ጋ ሲመጡ ሕመማቸው ከአሥር ስምንት ነው ይሉን ነበር። ‹ታዲያ ለምን ይራመዳሉ?› ስላቸው፣ ‹ሳሕራ በኔ እግር ሰበብ ስንት ዓመት ቤት ተቀመጠች፤ ይብቃት› አሉኝ።»

ከዚራ ላይ ወደ ኋላ ሲቀርባት «ፍጠን እንጂ፣ ኤሊ ነህ እንዴ?» እያለች ትስቅበት ነበር። አሁን ያንን ሳቋን ብትመልሰው ወደደች፤ አለቀሰች።

ላዳን ስትነሣ ሳሕራ እስከ ግቢው በር ልትሸኛት አብራት ወጣች። ጥቂት እንደሄደች በቀኟ በኩል የአንድ ሰው ቦታ ትታ እርምጃዋን አዘገየች።