የብርኽቲ መቀነት

«ታዲያ ቁርባኑን ለምን አቆመች?» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

ልጅቷ ሰምታለች። ፍሬሰላም ፍራሹ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። እናቷ ሀብትነሽ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሣልስቱ ጠዋት ቂርቆስ ተደርጎ፣ ሰዉ ወደ ካዛንቺስ ተመልሶ ድንኳኑንም ቤቱንም ሞልቶታል። የለቀስተኛ ሹክሹክታ ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ሹክሹክታ፣ ከአጥር ውጭ ይሰማል።

ፍሬሰላም መልሱን ያወቀችው ትናንት ነው። የእናቷን ፎቶ ስትፈልግ ከሳጥኑ ግርጌ መዝገቧን አገኘች።

ሀብትነሽ በሰፈሩ «ቆጣሪዋ» ትባል ነበር። ሊጋቡ ያሰቡ ሁሉ ሰባት ቤት ዘራቸውን የሚያስቆጥሩት እሷ ዘንድ ነው። ጎተራም ይሁን ቄራ፣ ሰው ሲሞት መዝገቧን ይዛ ትሄድና ከሽማግሌዎቹ መሃል ትቀመጣለች፤ አልቅሳም ጠይቃም ትመለሳለች። ሙሽሮቹ በስድስተኛ ቤት እንኳ ከተገናኙ «አይሆንም» ትላለች፤ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው። የጎረቤታቸውን የጥሩዬን ሠርግ ድግሱ ከተጠነሰሰ በኋላ ያስቀረችው እሷ ናት። ጥሩዬ ሳታገባ ቀረች። ይኸው ዛሬ ወገቧን አስራ የሀብትነሽን ለቀስተኛ ታስተናግዳለች።

ሀብትነሽ የራሷን ወገን የምትጀምረው ከብርኽቲ ነው። ብርኽቲ በክፉ ቀን፣ አዲስ አበባ ገና የድንኳን ከተማ ሳለች፣ ከትግራይ በእግሯ መጥታ ፍልውሃ አጠገብ ጎጆ ከቀለሱት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበረች። ማገዶ ሸጣ፣ ጠላ ጠምቃ ቤት አቆመች፤ የሀብትነሽን አያት አሳደገች። ይህን ሀብትነሽ ለሰው ሁሉ በኩራት ትናገራለች። የቀረውን የነገረችው ለፍሬሰላምና አብረዋት ዘር ለሚፈልጉት ለአዛውንቱ ለአቶ ገብረክርስቶስ ብቻ ነው።

ብርኽቲ ከአገሯ ስትነሳ ልጆቿ ሁለት ነበሩ። ሴቷን አዘለቻት። ወንዱ አራት ዓመቱ ነው፤ መራመድ አቃተው፣ እሷም ሁለት መሸከም አልቻለችም። መንገድ ላይ ከነበረ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቀመጠችው። ተነስቶ ተከተላት። መለሰችው፤ ደግሞ ተከተላት። በመጨረሻ መቀነቷን ፈታች፤ ወገቡን ከደጁ ወይራ ጋር አሰረችውና ዞር ብላ ሳታይ ሄደች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት መቀነት አልታጠቀችም። የልጁንም ስም አንድ ቀን አልጠራችም።

«የሆነ ሰው ፈቶታል እኮ» ትል ነበር ሀብትነሽ። «አድጓል፣ ወልዷል። የትም ይሁን፣ ወገን ነው።» መዝገቡ ላይ ከብርኽቲ ስር ባዶ ቦታ ትታለት ኖረች። ፍሬሰላም ልጅ ሆና ያንን ባዶ ቦታ ትፈራው ነበር፤ የሚያያት ይመስላታል።

ፍሬሰላምና ሃይለአብም ሲጋቡ ተቆጥሯል። የሃይለአብ ወገን ሦስት ቤት ሄዶ አባዲ የሚባል ሰው ላይ ቆመ። «ከዚያ በላይ አይታወቅም» አሉ ሽማግሌዎቹ። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ ሀብትነሽ እሺ አትልም ነበር። የራሷ ልጅ አለቀሰችባትና እሺ አለች።

ዓመት ዞረና አርያም ተወለደች። በክርስትናዋ ዕለት ፍሬሰላም ጓዳ ሆና ስታጠባ፣ ሳሎን የሃይለአብ አባት አንድ ነገር ያወራሉ፤ ሰዉ በመገረም «ኧረ!» ይላል። ምን እንደሚያወሩ አልሰማችም። እናቷ አመድ መስላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሕፃኗን ተቀብላ ብዙ አየቻት።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«ምንም። በቃ፣ ደክሞኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አልቆጠረችም። በየወሩ ትቆርብ የነበረች ሴት፣ ታስቀድስና ቁርባን ሲደርስ ከኋላ ትቆማለች። ሰባት ዓመት ሙሉ። ሲጠይቋት «አልበቃሁም» ነበር መልሷ።

ትናንት ፍሬሰላም የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ባዶው ቦታ በሌላ ቀለም ተሞልቶ «አባዲ» ይላል። ከብርኽቲ ሁለት መስመር ይወርዳል። በአንዱ አምስተኛዋ ፍሬሰላም፣ በሌላው አምስተኛው ሃይለአብ። ከሁለቱ ስር፣ በትንሹ፣ «አርያም»።

መጀመሪያ ተናደደች። የጥሩዬን ስድስተኛ ቤት ያልማረች ሴት የልጇን አምስተኛ ዋጠችው፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይሄ ነው። ቀጥሎ አለቀሰች፤ እናቷ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ተሸክማው ነበር። ከሁሉ በኋላ ግን ፍርሃት መጣ። ለሃይለአብ ብትነግረው ከንስሐ አባቱ አይደብቅም፤ እሳቸውም «ተለያዩ» ከማለት በቀር ምን ሊሉ ነው? አርያምስ?

አቶ ገብረክርስቶስ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ያ መዝገብ እንዳይጠፋ አደራ። አንድ እግሬ ጉድጓድ ነው፤ ያንን ልጅ ሳላገኘው ብሞት ብርኽቲ ትጠይቀኛለች።»

«እሺ አባባ፤ እፈልገዋለሁ» አለች ፍሬሰላም። ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረማት።

ጥሩዬ ትሪ ይዛ መጣች። «በሞቴ ቅመሺ፣ ፍሬሰላም! ሦስት ቀን በውሃ ብቻ?» ሃይለአብም ሊያባብላት ከፍራሹ ጫፍ ቁጭ አለ።

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። ሰው ካገኙ ማስቆጠር ልማዳቸው ነው። «አንተስ የኔ ልጅ፣ ወገንህ ከወዴት ነው? ሠርጋችሁም ክርስትናውም ሲሆን እኔ አገር ቤት ነበርኩ፤ ያንኑ ልጅ ፍለጋ።»

«የኔ እንኳን አጭር ነው አባባ። ሃይለአብ፣ ወልደአረጋይ፣ ሽሻይ፣ አባዲ። አበቃ።» ፈገግ አለ። «ግን ማለቴ... አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን የነገረን ነገር አለ፤ የሚገርም ነው። አባዲ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው የተገኘው፣ በአራት ዓመቱ። ሲያገኙት ወገቡ ላይ...»

የፍሬሰላም እጅ ወደ ትሪው ተወረወረ። እንጀራውን ቆርሳ፣ ምስር ወጡን ጠቅልላ፣ ባሏ አፍ ውስጥ ከተተችው። ሃይለአብ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ጉንጩ ተነፋ። ሐዘንተኛ ሲያጎርስ ማን አይቶ ያውቃል?

«እሰይ!» አለች ጥሩዬ፣ እንባዋ መጥቶ። «እጇ ምግብ ነካ! አንድ ያጣላል፣ ድገሚው።»

«ወገቡ ላይ ምን?» አሉ ሽማግሌው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው።

ሃይለአብ እያኘከ ሚስቱን አያት። ዓይኗ ይለምነዋል፤ ምኑን እንደሆነ ግን አልገባውም። ፍሬሰላም ሁለተኛውን ጠቀለለች። አጎረሰችውና ጣቶቿን ከከንፈሩ ላይ ሳታነሳ ቆየች።