ስልሳኛው ፊርማ

ደክሞኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ውስጥ «ተው! አትንካ!» ስል ኖሬአለሁ። ተማሪዎቹ ከኋላዬ «ፊውዝ» ይሉኛል፤ ቶሎ ስለምቃጠል። አምና ቤተ ሙከራው ኢንተርኔት ላይ ወጣ ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገር? እልል ነው ያልኩት። የሚበጠስ ሽቦ የለ፣ የሚቃጠል ሞተር የለ። ልጆቹ ቤታቸው ሆነው በማውስ እየጎተቱ ይገጥማሉ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ያርማል። እኔ ውጤቱን አይና «የተግባር ትምህርት አጠናቋል» የሚለው ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። አለቀ።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻዋ ተማሪ መጣች፤ ስልሳኛዋ። ከክፍሉ አንደኛ ናት፣ መቶ ከመቶ። ሰኞ ፋብሪካ ሥራ ትጀምራለች፤ ወረቀቱን ካልያዘች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ቲቸር፣ በናትዎ ቶሎ ይፈርሙልኝ።»

እስክሪብቶ ስፈልግ፣ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣውን ሞተር አየችው። «ውይ! እንዲህ ትልቅ ነው እንዴ?» አለች።

ቅር አለኝ። «እስቲ ግጠሚና አስነሽልኝ» አልኳት።

ፍጥነቷ አይጣል ነው! በአምስት ደቂቃ ገጥማ አስነሳችው። ሞተሩ ግን በተቃራኒው ዞረ። «ኤጭ፣ ሁለቱን ሽቦ ማቀያየር ነው» ብላ እጇን ሰደደች። ኤሌክትሪኩን ሳታጠፋ! ስክሪኑ ላይ እንደዚያ ነዋ የሚደረገው።

ዘልዬ ዋናውን ማጥፊያ መታሁት። «አብደሻል? ልትሞቺብኝ ነው?»

«ኮምፒውተሩ ላይ እኮ...» አለችና እንባዋ መጣ። «አልፈርምም እንዳይሉኝ ብቻ። መቶዬን ያጸደቁልኝ እርስዎ ነዎት!»

እውነቷን ነው። አንድ ቀን እንኳ ጠርቼ ሽቦ አላስነካኋትም። አፈርኩ።

«ዛሬ አልፈርምም» አልኳት። «ነገም ነይ፣ እሁድም ነይ፤ እኔም እመጣለሁ። መጀመሪያ ማጥፋት ከለመድሽ፣ ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው በር ድረስ መጥቼ እፈርምልሻለሁ።»

እንባዋን ጠርጋ እሺ አለች። ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። «ሌሎቹስ ቲቸር? የፈረሙላቸው ሃምሳ ዘጠኙ?»

ወንበሬ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። «ስልካቸው አለሽ አይደል? ደውይልኝ። አንድም እንዳይቀር።»

ከመጀመሪያው ልጅ ጀመረች። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፤ አያነሳም።

«ይሄኔ ሥራ ላይ ነው» አለችኝ።