መስታወት ፊት የተቀመጠው ዓሣ

ፀጉር አስተካካዩ ተዋጊ የሚባለውን ቀይ ዓሣ በጠባብ ብርጭቆ አድርጎ ከመስታወቱ ሥር አስቀምጦት ነበር። ዓሣው ቀኑን ሙሉ ክንፉን እየነፋ ሲፎክር ደንበኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ምግብ ተወና ብርጭቆው ውስጥ ታች ተኛ።

"ታሞብኛል መሰለኝ፣ እትዬ፣" አላት ለታላቅ እህቱ።

"የራሱ ምስል ጠላት መስሎት እኮ ነው! አንተስ ጠላትህ ከፊትህ አልነቀል ቢልህ እህል ይወርድልሃል?"

አንገቱን ደፋ። በማግስቱ ሰፊ ገንዳ ገዝቶ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ያደረ ውኃ ለብ አድርጎ ሞላበት፤ ቅጠለ ሰፊ ተክልም ጨምሮ ከመስታወቱ ራቅ አድርጎ አኖረው። በሦስተኛው ቀን ዓሣው ጎረስ ጎረስ አደረገና ቅጠሉ ላይ ጋደም አለ።

"ሞተ እንዴ?" አለ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ።

"ኧረ ተኝቶ ነው! ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቶ!" አለና የሚጮኸውን የፀጉር ማሽን አጥፍቶ መቀስ አነሳ።