ቢጫዋ ላንድሮቨር

ሰላሁዲን ከቆቦ ጎብዬ ሰው የሚያመላልስባት ላንድሮቨር ከአባቱ የወረሳት ነበረች። መልኳ ቡላ ነው። "አቧራ አያስታውቅባትም" እያለ ይኮራባት ነበር።

ችግሩም ይኸው መልኳ ነበር። በግንቦት ነፋሱ ከሜዳው ሲነሳ ሰማዩም መንገዱም ቡላ ይሆናል። አንድ ቀን ሮቢት አጠገብ አያ አራጌ የተባሉ ሽማግሌ ግመላቸውን እየሳቡ አስፋልቱን ሲሻገሩ መኪናዋ ድንገት ደረሰችባቸው። ሰላሁዲን መሪውን ጠምዝዞ ማሽላ ውስጥ ገባ። ማንም አልተጎዳም። ሽማግሌው ልብሳቸውን እያራገፉ ቀረቡትና "ድምፅህንስ ሰምቻለሁ ልጄ፤ አንተን ግን አላየሁህም። የአቧራው አካል መስለኸኝ ነው" አሉት።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለራቢዓ ነገራት። እሷም ሲነጋ "ቀለሟን እንቀይር" አለችው።

"የአባቴን መኪና?"

"አባትህ ከመኪናዋ ይልቅ አንተን ነበር የሚወዱት።"

"እሺ፣ ቀይ ይሁን። የመፈክር መጻፊያ ቀይ ቀለም እንደሆነ ከተማው ሞልቶታል።"

ራቢዓ አልተከራከረችም። ነፋሱ ሲነሳ ጠብቃ ከማሳው ማዶ ባለው ግራር ላይ አንድ ቡላ ጨርቅ፣ አንድ ቀይ ሻሽ፣ አንድ ደግሞ ቢጫ ሻሽ ሰቀለች። ተመልሳ አጠገቡ ቆመችና "ምን ይታይሃል?" አለችው።

ሰላሁዲን ዓይኑን አጨንቁሮ ብዙ አየ። "ቢጫው። ቀዩ እንደ ጥላ ጠቁሯል። ሌላም ሰቅለሻል እንዴ?"

ራቢዓ ሳቀች።

ቢጫ ቀለም ከወልድያ አስመጥተው ሁለቱ ተጋግዘው ቀቧት። የገበያው ሰው "ሙዝ መጣች" እያለ ሲያሾፍበት ሰላሁዲን በእፍረት አንገቱን ደፍቶ ይነዳ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ግን አቧራው መንገዱን በጋረደበት ሰዓት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሌላ መኪና ለመቅደም ወጥቶ ፊት ለፊት መጣበት፤ ወዲያው ግን ወደ መስመሩ ተመለሰ። ሾፌሩ ጎብዬ ላይ አገኘውና "ወንድሜ፣ ያቺ ቢጫ ነገር ባትታየኝ ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም አልነበርንም" ብሎ አቀፈው።

ሰላሁዲን ይህን ለራቢዓ ነገራት። እሷ ነጠላዋን አንስታ ወጣችና መኪናዋ ውስጥ ከመሪው ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ወዴት ነው?" አላት።

"ወደፈለግከው። እስከዛሬ ስለምፈራ አብሬህ ሄጄ አላውቅም።"

ሰላሁዲን ሞተሩን አስነስቶ፣ የቆቦን ሜዳ እያሳያት ነዳ፤ እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም።