ደብዳቤው በስንት ጎማ መጣ?

ኤርስኪን ደብዳቤ ይወዳል እንጂ አያነብም። በስኮትላንዷ ኪልዶር ያሉት የጥንት ፖስታ ማኅተም ሰብሳቢዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ከላይ የተመታውን ማኅተም በአጉሊ መነጽር ያያሉ፣ ውስጡ መርዶ ይሁን የሠርግ ጥሪ ጉዳያቸው አይደለም። ባለፈው ወር የክበባቸው አባል ኢሽቤል የልቧን ጽፋ ብትልክለት፣ ማኅተሙ ጥርት ብሎ ስለተመታ ብቻ ሳይከፍት አልበሙ ውስጥ አስቀመጠው። እንዴት አትናደድ!

ቅዳሜ ጓዟን ጠቅልላ ተርሶ ከተማ፣ እህቷ ዘንድ፣ ልትገባ ነው። የሚከነክናት ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በክበቡ አጠገቧ የተቀመጠው ይህ ሰው እሺም እምቢም ሳይላት መሄዷ ነው። ስለዚህ ድንች ቀርጻ «½» የሚል ማኅተም ሠራች፤ ወረቀቱን በሻይ አጠየመችው፣ አጥፋ በሰም አሸገችውና ጠዋት በበሩ ሥር አሾለከችለት።

ከሰዓት በኋላ ክበቡ ሲሰበሰብ ኤርስኪን ደብዳቤውን ከኪሱ በጥንቃቄ አወጣው።

«ለቅድመ አያቴ የተላከ ነው! ስሙ እንደኔው ኤርስኪን ነበር። የግማሽ ፔኒው ቀረጥ ማኅተም ይኸውላችሁ!»

ጭቅጭቁ ወዲያው ተነሣ። ያ የድሮ የስኮትላንድ ቀረጥ የሚጣለው ደብዳቤው በባለአራት ጎማ ሰረገላ ከመጣ ነው፤ ባለሁለት ጎማ ጋሪ ነጻ ነው። ከፋዩም ተቀባዩ ነበር፤ ደብዳቤውን ካልፈለገው ሳይከፍል ይመልሰዋል።

«ወደዚህ የሚመጣው ጋሪ ነበር፤ ሁለት ጎማ!» አሉ ሊቀመንበሩ አቶ ዱጋልድ።

«አራት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ሁለት ሰው ተኮራረፈ።

«ለምን ከፍታችሁ አታነቡትም?» አለች ኢሽቤል።

«ሰሙን ልስበረው? አበድሽ እንዴ!» አለ ኤርስኪን።

ትዕግሥቷ አለቀ። ከእጁ ነጥቃ ሰሙን ሰበረችና ጮክ ብላ አነበበች፤

«ኤርስኪን፣ አንተ ደረቅ፣ ቅዳሜ ልሄድ ነው። ወይ አግባኝ፣ ወይ አሰናብተኝ። ኢሽቤል።»

አቶ ዱጋልድ ጎንበስ ብለው የሰሙን ስብርባሪ ይለቅሙ ጀመር። ኤርስኪን ማኅተሙን በአጉሊ መነጽሩ አየ፤ ከዚያም መነጽሩን አስቀምጦ እሷን አያት።

«ድንች ነው?»

«ድንች ነው።»

«በምን አመጣሽው?»

«በመኪናዬ ነዋ! በምን ላምጣው ታዲያ?»

«ስንት ጎማ አለው?»

ኢሽቤል እንባዋ መጣ። «አራት ነው፣ አንተ ጅል!»

ኤርስኪን ከስብስቡ ሳጥን አንድ የጠቆረ የጥንት ግማሽ ፔኒ ሳንቲም አወጣና መዳፏ ላይ አኖረው።

«እንግዲያው ቀረጥ አለበት» አለ። «እከፍላለሁ።»

«አራት ነው አላልኳችሁም!» ብሎ ጮኸ ያ ከኋላ የተቀመጠው።